ወሰን የተገፋባት ፕላኔት

ነገሩ በኢህአዴግ ጊዜ ነው፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል። መካነ ሰላም ፊዚክስ አስተምር ነበርና ለእረፍት ወግዲ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄጃለሁ። ያን ቀን ጧት ቤታችን ሽማግሌ ሞልቶበታል።

አባቴና ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ አሊ፣ በእርሻ ወሰን ከተኳረፉ ሰባት ዓመታቸው። የተጣሉበት መሬት ቢለካ አራት ክንድ አይሞላም! «ወሰን ገፋህ»፣ «አንተ ነህ የገፋኸው»... በቃ፣ ይኸው ነው። አባቴ ጉበቱን ታሞ ደሴ ድረስ ወስደነው፣ «ቤቱ ይረፍ» ብለው መልሰውልናል። እሱም «ከወንድሜ ሳልታረቅ እንዳልሞት» ብሎ ነው ሽማግሌ ያስጠራው።

አጎቴም መጣ፣ ዱዓ ተደረገ። ሁለቱ ግን ዓይን ለዓይን እንኳን አይተያዩም። እኔ ጨነቀኝ። ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ወሬ ትዝ አለኝና ጣልቃ ገባሁ።

«አዲስ ፕላኔት ተገኘች ሲሉ ሰማችሁ? ከፀሐይ ቀጥሎ ለኛ ቅርብ የሆነውን ኮከብ የምትዞር።»

«አጃኢብ! ሰው አለባት?» አሉ የሽማግሌዎቹ አለቃ ሼህ እንድሪስ።

«እሱን የሚያውቅ የለም። ዓመቷ ግን አስራ አንድ ቀን ነው።»

«ታዲያ ግብር በየአስራ አንድ ቀኑ ልንከፍል ነው?» አለ አጎቴ።

አባቴ ሳቀ! ወላሂ፣ አጎቴ በተናገረው ነገር ሳቀ።

ከዚያማ ማን ይቻለኝ? የማላውቀውን ሁሉ ከራሴ ፈጠርኩት። አፈሯ ጥቁር ነው አልኩ፣ ጤፍ ያለ ማዳበሪያ ታበቅላለች አልኩ፣ የቀበሌ ሊቀመንበር የለባትም አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሼህ እንድሪስ በዓይናቸው «ቀጥል» ይሉኛል። ትንሽ ቢቆይ «በሉ አውፍ ተባባሉ» ብለው ሊያስታርቋቸው ነበር።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! አስተማሪነቴ አላስችል አለኝ።

«አንድ ጎኗ ግን ሁልጊዜ ፀሐይ፣ ሌላው ሁልጊዜ ጨለማ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ በረዶ ነው። የሚታረሰው መሀል ላይ ያለው ጠባቡ ብቻ ነው።»

«ጠባቡን እኔ እይዛለሁ፣ ታላቅ ነኝ» አለ አባቴ እየሳቀ።

«እኔ በረዶ ላይ ልዝራ?» አጎቴም እየሳቀ ነው።

«እሺ፣ ለሁለት እንካፈለው።»

«ወሰኑን ማን ሊተክል? አንተ? የዚህኛውን እንደተከልከው?»

ሳቁ ቆመ። አባቴ ከተኛበት ቀና ብሎ «ቀማኛ!» አለው። አጎቴ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሳ። ሼህ እንድሪስ «በአሏህ፣ የሌለ መሬት ነው እኮ!» እያሉ እስከ በር ተከተሉት... አልተመለሰም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆየ። በዚያች ፕላኔት ቢቆጠር ሁለት ዓመት አይሞላም። በየቀኑ በሩን ያያል፣ ግን «ጥሩልኝ» አላለም። እኔም አፍሬ አጎቴ ዘንድ አልሄድኩም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አጎቴ ለቀብሩ መጣ። አፈሩን በእጁ እየዘገነ አለበሰውና፣ «ጠባቡን ውሰደው፣ ወንድምዓለም» ብሎ ተንሰቀሰቀ።

ያቺ አራት ክንድ ዛሬም ጦሟን ታድራለች፣ ከሁለቱም ወገን የሚደፍራት ጠፋ።

ተማሪዎቼ ስለዚያች ፕላኔት ሲጠይቁኝ፣ «ሰው ባይኖርባት ይሻላል» ብያቸው አልፋለሁ።