«አንተ» የሚለው መጠይቅ

እ.ኤ.አ. በ2017 ጸደይ ነው። ሪሃብ የኤርፖርት ፓርኪንግ መንገደኞችን የምታመላልስበትን ሻትል አውቶቡስ አስረክባ በቀጥታ ኦሮራ ከተማ ወዳለው ላይብረሪ ሄደች። እዚያ ምንትዋብ የምትባል የጤና ተማሪ እየጠበቀቻት ነበር። ጥናቷ፣ እንደ ሪሃብ ያሉ ትራንስጀንደር ሰዎችና «ወንድም ሴትም አይደለንም» የሚሉ ስደተኞች ምን ያህል ደጋፊ እንዳላቸው ለመለካት ነው። ለየጥያቄው ከአንድ እስከ ሰባት ካሉት ቁጥሮች አንዱን መክበብ ብቻ ነው፤ አንድ «በፍጹም»፣ ሰባት «ሙሉ በሙሉ» ማለት ነው።

ሪሃብ የመጀመሪያውን መስመር አነበበችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«‹ቤተሰብህ ይረዱሃል?› ይላል። ማንን ነው የሚጠይቀው?»

ምንትዋብ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ የተረጎመው ሰው ነው። ‹ቤተሰብሽ› ብለሽ አስተካክዪው።»

«እሺ፣ ለኔ ተስተካከለ። ሁለቱንም ላልሆኑትስ? ‹እርስዎ› በሉና!»

«‹እርስዎ› እኮ ለትልቅ ሰው ነው።»

«እኛ ምን ጎደለን?»

ምንትዋብ ወረቀቱን ተቀብላ እያንዳንዱን መስመር ወደ «እርስዎ» አርማ መለሰችላት።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዒድ ቀን፣ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈር የሚኖረው ወንድሟ ሪሃብን በቀሚስ ሲያያት በሩ ላይ አገዳት። «እንዲህ ሆነህ አትገባም!» አላት። እናቷ ወይዘሮ ሐዋ ከኋላው ቆመው ነበር፤ አንድ ቃል አልወጣቸውም። አሁን ሪሃብ ቤተሰብ የሚለው ጥያቄ ላይ አንድን ከበበች።

ቀጥሎ «በችግርዎ ጊዜ ከጎንዎ የሚቆም ሰው አለ?» የሚል መጣ። ሪሃብ ፈገግ አለች፤ ጋሽ ኣፍሮም ትዝ አሏት። የአስመራ ሰው ናቸው፤ በአማርኛ የተማሩ፣ ሾፌሮቹን በሬዲዮ የሚያሰማሩ የሻትሎቹ ዲስፓቸር። ሪሃብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሴት ልብስ ሥራ የገባች ቀን ቀና ብለው አዩዋት። ትንሽ ቆይተው በሬዲዮ፣ የሐበሻ ሾፌር ሁሉ እየሰማ፣ «ሪሃብ፣ መንገደኞች እየጠበቁሽ ነው፤ ቶሎ ነይ» አሉ። አንዱ ሾፌር በሬዲዮው ሲስቅ፣ «ሰዋስው ልታስተምረኝ ከሆነ ቢሮ ና! ካልሆነ መስመሩን ልቀቅ!» ብለው ጸጥ አሰኙት።

ይህን ለምንትዋብ ነገረቻትና «እሳቸውን የት ላስገባቸው?» አለች።

«ጓደኛ የሚለው ውስጥ።»

«አባቴ የሚሆኑ ሰው ጓደኛዬ አይደሉም።» ሪሃብ ቤተሰብ ወደሚለው ተመለሰች። አንድን እንደተከበበ ትታ ሰባትንም ከበበች።

«ሁለት መልስ አይሆንም፤ ኮምፒውተሩ አይቀበልም።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩን አስተካክሉት። አንድን ብሰርዝ ወንድሜ ምንም እንዳላደረገ ይሆናል። ሰባትን ብሰርዝ ጋሽ ኣፍሮምን መካድ ነው። ሁለቱንም አላደርገውም!»

ምንትዋብ ወረቀቱን እንዳለ ለአስተማሪዋ ወሰደችው። በመከር ወራት አዲስ መጠይቅ ወጣ። ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ይላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄም «ቤተሰቤ የሚሉት ማንን ነው?» ሆነ።

ሪሃብ አዲሱን መጠይቅ እንዲሞሉ ሦስት እንደሷ ያሉ ሰዎችን በራሷ መኪና ወደ ላይብረሪው አመጣች። ሁለቱ ወርደው ገቡ። ሴንቴኒያል ከሚባለው ከተማ የመጣችው ግን ፊቷን በሻሽ ሸፍና ከመቀመጫዋ አልነሳም አለች።

«ሰው ቢያየኝስ?»

«ይይሽ!» አለች ሪሃብ በሩን እየከፈተችላት።

ልጅቷ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ሻሿን ወደ ትከሻዋ አውርዳ ወረደች፤ ተያይዘው ገቡ።