ጋሽ ኪሮስ ከሞቱ በኋላ ያነበብኩት ደብዳቤ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሞባይል የሚባል ነገር አልነበረም። ሰቆጣ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሎ እየሸጥኩ ሳለ አንዲት አሮጊት ከፃግብጂ ገጠር በእግራቸው መጥተው አጠገቤ ዘፍ አሉ... ከመቀነታቸው ፖስታ ፈትተው ሰጡኝ።

«አሁን የምታነቢው አንቺ ነሽ አሉ?»

ነኝ። ጋሽ ኪሮስ ከሞቱ ሁለት ወር አልሞላቸውም ነበር።

ጋሽ ኪሮስ እዚያው በር ላይ ማመልከቻ ይጽፉ፣ ከገጠር ለሚመጣው ሰው ደብዳቤ ያነቡ ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። እሳቸው ያበላሹትን ወረቀት ለቆሎ መጠቅለያ ይሰጡኛል፤ እኔ ከመጠቅለሌ በፊት ፊደል እለቅምበታለሁ። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄ አመልካች የሚባለው ሰውዬ ግን ክስ አይሰለቸውም? ሁሉም ላይ አለ እኮ» ብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ አጠገባቸው አስቀምጠው አስተማሩኝ።

ፊደሉን ብቻ አይደለም። «መጀመሪያ በዓይንሽ ጨርሺው፣ ከዚያ አፍሽን ክፈቺ» ይሉኝ ነበር። ሞት ያለበት ደብዳቤ ከሆነ «ዓይኔን አሞኛል፣ አልታየኝም» ብለው አጥፈው ይመልሳሉ። ባለቤቱ ዞር ሲል ለዘመዶቹ ሹክ ይላሉ። መርዶ በዘመድ አፍ፣ ሲነጋጋ ነውና።

የእማማን ደብዳቤ በዓይኔ ጨረስኩት። አራት መስመር ናት። ሱዳን ለሥራ የወረደ ልጃቸው በወባ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። የጻፈው አብሮት የነበረ ጓደኛው ነው።

አጠፍኩት።

«እማማ... ዓይኔን አሞኛል። አልታየኝም።»

ብመልስላቸው አልተቀበሉኝም።

«የትልቁ ልጄ ደብዳቤ የመጣ ጊዜ ኪሮስም እንዲሁ ነበር ያለኝ» አሉ። «እሱስ ሽማግሌ ነበር። አንቺን በዚህ ዕድሜሽ ምን ዓይን አሞሽ?»

«ከማን ጋር መጡ? ማን ጋ ነው ያረፉት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለማን ልትነግሪ? ማንም የለኝ። እሱ ነበር የቀረኝ። አንብቢው በቃ።»

ጋሽ ኪሮስ ለዚህ የሚሆን ነገር አልነገሩኝም... ዘመድ የሌለው ሰው ይመጣል ብለው አላሰቡም መሰለኝ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከጀርባችን ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ወሰን እየተሰዳደቡ፣ አራቱንም መስመር አነበብኩላቸው።

አላለቀሱም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። በኽምጣኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አሉ፤ አልሰማሁትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ለኔ ሰላምታ የለውም?»

የለውም። ከአራተኛው መስመር በታች ወረቀቱ ባዶ ነው።

«አለው» አልኳቸው። ባዶውን እያየሁ አነበብኩ... እናቴን ሳሙልኝ ብሏል፣ ታሞ ተኝቶም ስምዎን ይጠራ ነበር፣ የጓሮውን ግራር እንዳያስቆርጡ ብሏል... አፌ ያመጣውን ሁሉ። እሳቸውም በየመሃሉ «እህ... እህ...» ይላሉ። ሲያበቃ ወረቀቱን ተቀብለው ስመው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

በሳምንቱ የገበያ ቀን ያንኑ ደብዳቤ ይዘው ተመለሱ።

«ሰላምታውን ብቻ» አሉኝ።

ያልኩትን ግማሹን ረስቼዋለሁ። ወረቀቱን አንዴ ወደ ፀሐይ፣ አንዴ ወደ ጥላ እያዞርኩ እየተንተባተብኩ ጨረስኩ።

«ባለፈው ከዚህ ረዘም ይል ነበር» አሉኝ።

ምን ልበል ብዬ ጋሽ ኪሮስ ይቀመጡበት ወደነበረው ዞርኩ። ለኔ እሳቸው የሞቱት ያን ቀን ነው።