በር ላይ «ሆዲ» ያለው ሰው

ሀርጌሳ ውስጥ ደጅ ቆሞ «ሆዲ!» ሳይል የሰው ግቢ የሚገባ የለም። ጎረቤትም ይሁን ለማኝ ከቆርቆሮው በር ውጭ ቆሞ ሆዲ ይላል፤ ከውስጥ ግባ ሲሉት ይገባል። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የመንግሥት ወታደሮች ግን ሆዲ አይሉም፣ በሩን በእርግጫ ነበር የሚከፍቱት። አባቴን ያስበላው ይህን ማወቁ ነው።

ቤታችን «26 ጁን» በሚባለው ሰፈር ነበር። ሰባት ዓመቴ ነው። ከተማው በከባድ መሣሪያ ይደበደባል፣ ወንዶች ከየቤታቸው ይለቀማሉ። አባቴ ግቢያችን ውስጥ ባለው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተደብቆ ይውላል። ዝናብ ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር ጉድጓዱ ደርቋል። እኔና እናቴ ወለል ላይ እንተኛለን። እናቴ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ ስትፈራ ታዲያ በአማርኛ ነው የምትፈራው። «ድምፅሽን አጥፊ፣ አትተንፍሺ» ትለኛለች። ዛሬም ሰው በአማርኛ ሲንሾካሸክ ከሰማሁ ወደ በሩ ዞሬ አያለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተኩሱ ጋብ አለ። ወዲያው ከበሩ ውጭ «ሆዲ! ሆዲ!» የሚል ሻካራ ድምፅ መጣ። በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመጣልን ሰውዬ ነው፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ድምፁን ያስመስል ነበር። አባቴ ከጉድጓዱ ወጣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ባዶውን ጀሪካን አንስቶ ሄደና በሩን ከፈተ። ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ የመኪና ሞተር። እናቴ አፌን በእጇ አፍና ነበር፤ የእጇ ላብ ጨው ጨው ይላል። ጀሪካኑ በሩ ሥር ወድቆ ቀረ፣ አባቴም በዚያው ቀረ።

በእግራችን ወደ ኢትዮጵያ ሸሸን፣ ድሬዳዋ አደግኩ። እናቴ «ያጋለጠን ያ ውሃ ሻጭ ነው» እንዳለች ኖረች። እኔ ደግሞ ጠበኛ ነኝ፤ ሰው እንዲህ ተብሎ ተወርቶበት ዝም ብሎ ሲኖር አልወድም። ትልቅ ሰው ሆኜ ለቢሮ ሥራ ሀርጌሳ ስመለስ ሰውየውን መፈለግ ጀመርኩ። የድሮ ጎረቤቶቻችንን በየተራ ጠየቅኩ። አንዱ አላየሁም አለ፣ ሌላው የሞተን አትቀስቅሺ ብሎ ተቆጣኝ። በመጨረሻ ዋሄን ገበያ ወተት የምትሸጥ አሮጊት ሰውዬው በሕይወት እንዳለና ዳሚ የሚባል ሰፈር እንደሚኖር ነገረችኝ።

ዳሚ የሄድኩት በጠራራ ፀሐይ ነው። የምለውን ሁሉ በልቤ ሳጠና ሄጄ በሩ ጋ ስደርስ ጉድ ሆንኩ፤ ለካ ሆዲ ማለት አልችልም። ከዚያን ቀን ወዲህ ቃሉን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ያ ሁሉ ጉራዬ የት እንደገባ እንጃ፣ እንደ ልጅነቴ ታፍኜ፣ አሁን ግን በገዛ እጄ አፌን ይዤ ቆምኩ። የጎረቤት ሴት አይታኝ ሳቀች።

«ሆዲ ብትዪውም አይከፍትም! ቆርቆሮውን ምቺ። እሱ ሆዲ ላለው ሰው በር ከፍቶ አያውቅም።»

መታሁ። ጎባጣ ሽማግሌ ከፈተልኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ግቢ አላለኝም፣ በሩንም አልዘጋም። በሁለት እጁ በሩን ይዞ ቆመ።

«ጠመንጃ ወገቤ ላይ ደግነው፣ እንደ ሁልጊዜህ ጥራ አሉኝ» አለ። ድምፁ ያው ነው፤ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም። «ጋሪዬን ቀምተውኛል። እኔ በባዶ እጄ ነው የጠራሁት። አባትሽ ብልህ ሰው ነው፣ ጋሪው ሳይሰማ የእኔ ድምፅ ብቻ ሲመጣ ይጠረጥራል፣ ካለበት አይወጣም ብዬ ተማምኜ ነበር።»

እውነቱን ነው። የዚያ ጋሪ ጎማ ሲጮኽ ከሰፈሩ ጫፍ ይሰማል። ያን ቀን ግን አልተሰማም።

«በሩ ሲከፈት ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ምንም አላየሁም» አለ ሽማግሌው። «እስከ ዛሬ ራሴን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው ልጄ። ለምን ወጣ? ጋሪው እኮ አልተሰማም! ለምን ወጣ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ያን ያህል ዘመን ስፈራው የኖርኩት ሰው ከእኔ ባሰ ሲፈራ እያየሁ፣ ብነግረውም ብደብቀውም እንደምጎዳው ገባኝ። ለእናቴ የማደርስላት እውነት ፈልጌ ነበር የመጣሁት፤ እሱም የራሱን እውነት እየጠበቀ ነው።

«ውሃ ጨርሰን ነበር፣ አደር» አልኩት፣ አጎቴ እንደማለት ነው። «እርስዎን ስንጠብቅ ነው የሰነበትነው። ጀሪካን ይዞ ነው የወጣው።»

በሩን እንደያዘ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።