በምንጩ ዳር የተቀረጸ ሦስት ደቂቃ

ደባርቅ ተቀምጠን የሦስተኛ ዲግሪ የምንማር ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነበርን። ያም ሆኖ የራሳችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ነበረን። ሰሌዳውን ያቆሙልን የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው፤ እናቴን የሚያህሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚውሉ ሴት። እትዬ እላቸው ነበር። እሳቸው ራሳቸው ከዲፕሎማ አላለፉም፤ ነገር ግን ለአካባቢ ሳይንስ ተመራማሪዎች የወጣ የትምህርት ዕድል፣ ሥልጠና ወይም ጉባኤ ካለ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ኢንተርኔት ባለ ቀን ያነባሉ፣ ፕሪንተሩ ከሠራ ያትማሉ፣ ካልሠራ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ገልብጠው ይለጥፋሉ።

የማመልከቻውን ቀን ሁልጊዜ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው ነው የሚጽፉት። ያ አልበቃ ብሏቸው በዓሉንም ይጨምሩበታል። «ይህኛው የሚዘጋው በሚካኤል ማግስት ነው»፣ «ይህ መድኃኔዓለም ሁለት ቀን ሲቀረው ያበቃል» የሚል ከወረቀቱ ግርጌ አይጠፋም። እኔም ቀስ በቀስ የባሕር ማዶውን ማመልከቻ ሁሉ በታቦት ቀን መቁጠር ለመድሁ።

የእኔ ጥናት ስለ ምንጮች ነበር። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከዚያም እስከ ስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ መንደሮች ምንጮች በበጋ እየደከሙ የመጡበትን ምክንያት ለማወቅ ነበር የተነሣሁት። ሥራው ላየው ሰው ቀላል ነው። ባልዲ ይዤ እሄዳለሁ፤ ከምንጩ ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ እስኪሞላ ድረስ በስልኬ ሰዓት እይዝና ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እንዲህ አደርግ ነበር። መንገድ ተዘግቶ የቀረሁባቸው ሳምንታትም አሉ፤ እነሱ በደብተሬ ላይ እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው።

ከምንጮቹ ሁሉ አብዝቼ የምወደው ከዳባት ወጣ ብሎ ያለውን ነበር። ለምንጩ የሚቀርበው ቤት የአንድ አዛውንት ገበሬ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህን ውሃ ወዴት ልትወስጂብን ነው?» አሉኝ። የትም እንደማልወስደው፣ ለትምህርቴ ብቻ እንደምለካው ነገርኳቸው። «እንግዲያማ ሳትበዪ አትለኪም» ብለው ወደ ቤት አስገቡኝ። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር ወይ ቆሎ ወይ የተቀቀለ ባቄላ ቀምሼ ነው የምመለሰው። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ በሬዎቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አጫውተውኛል። ስለ ምንጩ ግን አውርተን አናውቅም ነበር፤ ያንን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ የጥር ቀን እትዬ ደወሉልኝ። «የያዝሽውን ትተሽ ነይ» አሉኝ። ስደርስ ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ ሳይለጥፉ በእጃቸው ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። ዕድሉ በተራራማ አገር ውሃ ላይ ለሚሠሩ የዶክትሬት ተማሪዎች የወጣ ነው። ያለፈ ሰው ባሕር ማዶ ባለ ላቦራቶሪ ጥቂት ወራት ተቀምጦ፣ የምንጩ ውሃ ዝናብ ሆኖ የወረደው መቼና የት እንደሆነ ማስመርመር ይችላል። እኔ በባልዲዬ ደርሼበት የማላውቀው ነገር ይኸው ነበር።

ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ግን አስጨነቀኝ። አመልካቹ ጥናቱን ሳይንስ ላልተማረ ሰው በሦስት ደቂቃ ሲያስረዳ በቪዲዮ ቀርጾ መላክ አለበት።

«እኔ አለሁልሽ አይደል» አሉ እትዬ፤ መነጽራቸውን አድርገው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ስለ ከርሰ ምድር ውሃና ስለ ዛፍ ሥር፣ ስለ ትነትም ነገርኳቸው።

«እንዴት ነው እትዬ?»

«ሁለት ጊዜ አዛጋሁ» አሉኝ፤ «እየነገርሽው ያለሽው ለአማካሪሽ ነው። ይልቅስ ውሃውን ለሚጠጣ ሰው ሄደሽ ንገሪ።»

በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድኩ። አዛውንቱ ነገሩን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ስልኬን ከምንጩ ግንብ ላይ በድንጋይ አስደግፌ አቆምኩትና ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«አባቴ፣ ይህ ምንጭ በበጋ ለምን እንደሚደክም ልንገርዎት» ብዬ ጀመርኩ። ከምንጩ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ውሃውን እየጠጣ ምንጩን እንዳደከመው አስረዳኋቸው። የጥናቴ መነሻ ይኸው ነበር፤ አማካሪዬም ተስማምቶበት ነበር። ቃላቱ ራሴን እስኪገርመኝ ድረስ ቀለው ወጡልኝ። እሳቸው በትራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው አዳመጡኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ አባቴ።»

«መልካም ተናግረሻል። ባሕር ዛፉን የተከልነው ግን ታናሽ ልጄ ከተዳረች በኋላ ነው። ምንጩ የደከመው እሷ ገና ድክ ድክ ስትል ነው።»

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

በትራቸውን አነሡና ከባሕር ዛፉ ወዲያ ወዳለው የድንች ማሳ አመለከቱ። «እዚያ ጨፌ ነበር። በጋ ከክረምት እግር የሚያሰምጥ፣ ሣሩ የማይደርቅ። ክረምቱን ጠጥቶ በጋውን ቀስ እያለ ወደዚህ የሚያወርደው እሱ ነበር። ቦይ ተቀደደለትና ውሃው ወደ ገደሉ ፈሰሰ። ሲደርቅ ታረሰ።»

«ማን አረሰው?»

«እኔ» አሉ።

ምንጩ ከግንቡ ሥር ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። እሳቸው ወደ እኔ ሳያዩ ቀጠሉ። «ልጆች በዝተውብኝ ነበር፤ መሬቱም አልበቃ አለኝ። ድንቹ መልካም ሆነ፣ አልዋሽሽም። በሦስተኛው በጋ ግን እናቶች እዚሁ ወረፋ ይዘው ተቀምጠው አየሁ። እንስራው አልሞላ ብሏቸው። አንዱ የዝናብ ማነስ ነው ይላል፣ ሌላው ቁጣ ነው ይላል። እኔ ዝም አልኩ።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩትም?»

«ማን ጠየቀኝ? አንቺም ሁለት ዓመት ስትመላለሺ የጠየቅሽው ባልዲሽን ነው።»

ይህን ያሉት በቁጣ አልነበረም። እኔ ግን ፊቴ በእፍረት ጋለ። ብዙ ቆይቼ ነው ስልኩ አሁንም እየቀረጸ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

ደባርቅ ተመልሼ ቪዲዮውን ለእትዬ አሳየኋቸው። ሲያልቅ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «የፊቱን ቆርጠሽ ይህን ላኪ» አሉኝ፤ «ይህን አይቶ የማይመርጥሽ ሰው ልብ የለውም።» እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር። ነገር ግን በማስታወቂያው ላይ ቪዲዮዎቹ ለሕዝብ እንደሚለቀቁ ተጽፏል። በዚያ መንደር ስልክ የሌለው ወጣት የለም። ስንት ዓመት ወረፋ ይዘው የተጉላሉ እናቶች ነገሩን ከስልክ ላይ ሲሰሙት ታየኝ።

ማመልከቻው ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው እንደገና ወረድኩና ጠየቅኳቸው። «አባቴ፣ የተናገሩትን ልላከው ወይስ ይቅር?»

«ፈረንጁ ከመስማቱ በፊት ጎረቤቴ ይስማ። ጊዜ ስጪኝ» አሉኝ።

በእጄ የነበረው ጊዜ አራት ቀን ብቻ ነው፤ እሱን ልሰጣቸው አልቻልኩም። በሉ ይንገሩ ብዬ ላጣድፋቸውም አልሆነልኝም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከመደርደሪያ ፊት ቆሜ ሌላ ቪዲዮ ቀረጽኩ። መነሻዬ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል፣ ከምንጭ በላይ ያሉ ጨፌዎች መድረቅ መጠናት እንዳለበት ተናገርኩ። ማን እንደነገረኝ አላነሣሁም። ደረቅ ነገር ሆነ፤ ስናገር ራሴን እጠራጠራለሁ፣ ዓይኔም ይቅበዘበዛል። እትዬ በላኩበት ቀን ጠዋቱን ሙሉ በሩ ላይ ቆመው፣ «ማንም ኢንተርኔት እንዳይከፍት! ልጄ ትልቅ ነገር እየላከች ነው» እያሉ ገቢ ወጪውን ሲቆጡ ዋሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ገባልኝ።

መልሱ የመጣው በጾሙ አጋማሽ ነው። አልተመረጥኩም። አንብቤ እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው ትከሻዬን ያዙኝ። ቆይተው ተነሡና በኋላ የለጠፉትን ወረቀት ከሰሌዳው አንሥተው አጣጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ከፋሲካ በኋላ ባልዲዬን ይዤ ስሄድ አዛውንቱ ነገሩን ለጎረቤቶቻቸው ነግረው ቆዩኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ለሰንበቴ በተሰበሰበበት ተነሥተው ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። የሆነውን ያጫወተችኝ ምራታቸው ናት። ሲጨርሱ አንዲት ጎረቤት ብድግ አለች። ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ የነበረች፣ እርጉዝ ሆና ከሩቅ ወንዝ የቀዳች ሴት ናት። «ያን ሁሉ ቁልቁለት እንስራ አዝዬ የወረድኩት በእርስዎ ምክንያት ነው?» አለቻቸው። «አዎ፣ በእኔ ነው» አሉ። እህል ሳትቀምስ ትታ ሄደች።

እሳቸው በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ከደጇ ቆሙ። ወዲያው አላስገባቻቸውም። ካስገባቻቸው በኋላም ይቅርታውን የተቀበለችው በአንድ ነገር ነው፤ ቦዩ እንዲደፈን። ክረምቱ ሳይገባ ቦዩን ደፈኑት፤ የቆፈሩት እጆች ናቸው የደፈኑት። ከድንቹ ማሳም ግማሹን ለሣሩ ለቀቁ። ሴትዮዋ ልጆቿን ይዛ መጥታ ድንጋይ አቀበለች።

እኔም ጥያቄዬን ቀየርኩ። አማካሪዬ በስልክ፣ «አራተኛ ዓመት ላይ ሆነሽ ጥያቄ አይቀየርም» ብሎ ተቆጣኝ። ከሌሎች መንደሮች የሰበሰብኩትን ስልክለት ግን ለሰለሰ። በባሕር ዛፍ ያሳበብኳቸውን ምንጮች አንድ በአንድ ተመልሼ አዛውንቶቹን ጠየቅኩ። ከአንዳንዶቹ በላይ ጨፌ ኖሮ አያውቅም፤ ከብዙዎቹ በላይ ግን ነበረ፣ ማን መቼ እንዳረሰውም የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። በስሜን ተራሮች ላይ ወዳለው አምባራስ ድረስ ወጥቼ ገና ያልታረሰ ጨፌ አየሁ። ከሥሩ ያለው ምንጭ በመጋቢት ሰዓት ለመያዝ ሳልዘጋጅ ነበር ባልዲዬን የሞላው።

በዚያው ዓመት እትዬ አንዲት አጭር ማስታወቂያ አገኙ፤ ሦስት መስመር ብቻ ነች። አንድ ላቦራቶሪ የዶክትሬት ተማሪዎች በፖስታ የሚልኩትን የውሃ ናሙና በነጻ እመረምራለሁ ይላል። ጉዞ የለውም፣ አበል የለውም፤ «ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው» ብለው ነው የሰጡኝ። ጠርሙሶቹን ሞልቼ፣ በሰም አሽጌ፣ በጥጥ ጠቅልዬ ላክሁ። ከወራት በኋላ ውጤቱ መጣ። የዳባቱ ምንጭ ውሃ ከሩቅ የመጣ አልነበረም። ከላይ ከሚታየው ዳገት የገባ፣ የቅርብ ዓመታት ዝናብ ነው።

በተመረቅኩ ሰሞን እትዬን ለማመስገን ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ «ከዶክትሬት በኋላ» የሚል አዲስ ርእስ ጽፈው፣ ሥሩ አራት ወረቀት ለጥፈው አገኘኋቸው። «ትንሽ ልረፍ እንጂ እትዬ» ብላቸው፣ «አንደኛው የሚዘጋው ለደብረ ታቦር ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ እስከዚያ እረፊ» አሉኝ።

ባለፈው ሰኔ የጥናቱን ውጤት ለመንደሩ ሰዎች በአማርኛ ጽፌ ወርጄ ነበር። አዛውንቱና ያቺ ጎረቤታቸው ደጅ ባለው አንድ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። አነበብኩላቸው። ምንጩ በሁለት በጋ መጠነኛ ለውጥ እንዳሳየ፣ ነገር ግን ከጨፌው የመጣ ነው ወይስ ከዝናቡ ለማለት ገና እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ገና ነው!» አሉ አዛውንቱ፤ «ጨፌ በሁለት ዓመት አይመለስም። ልጅቷ እውነቷን ነው።»

«ምን ገና ነው? የምቀዳው እኔ አይደለሁም?» አለች ሴትዮዋ። «ዘንድሮ ጨምሯል። ጻፊው እቴ፣ ጨምሯል ብለሽ ጻፊ።»

«የምትጽፈው የለካችውን ነው እንጂ አንቺ ያልሽውን ነው?»

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ መቼ ቀድተው ያውቃሉ!»

አዛውንቱ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። እኔ ወረቀቴን ይዤ መካከላቸው እንደተቀመጥኩ፣ ዝናቡ ከደባርቅ በኩል እየጨለመ መጣና ያንጠባጥብ ጀመር። ሦስታችንም ተነሥተን ወደ ቤት ገባን፤ ክርክሩ ግን እዚያም ቀጠለ።