ከታች ገመድ የሚይዘው ጎረቤት

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቦንጋ

ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ ቦንጋ ግማሿ የለችም። ባጃጁ ቁልቁለቱን ሲወርድ ከፊታችን የሚታየው የራሱ መብራት ብቻ ነበር። መናኸሪያ ስደርስ የዋጫ ሚኒባስ ገና ሦስት ሰው ነው የያዘው። ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩና ቦርሳዬን አቀፍኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ነገሩ የተጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ልማትና ፖለቲካ የሚባል ኮርስ አስተምራለሁ። ሀብት ሲመጣ መንግሥት ይለዝባል ወይስ ይጠነክራል፣ የሚገበያዩ አገሮች ይዋጋሉ ወይስ አይዋጉም፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ባለፈው ሳምንት፣ ጎረቤታሞች በንግድ ሲተሳሰሩ ጠብ ስለሚያከስራቸው ይታገሳሉ ብዬ ሳብራራ፣ ምሕረት የምትባል ዝምተኛ ተማሪዬ እጇን አነሳች።

«ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ግን ሰው የተጣላው መንገድ ከገባና ማር ከተወደደ በኋላ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከክፍለ ጊዜው በኋላ ቢሮዬ ስትመጣ ግን ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ቤተሰቦቿ ከቢታ ገነት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ይኖራሉ። አባቷ አቶ አስራትና ጎረቤታቸው አቶ ወልዴ ጫካ ውስጥ ይዋሰናሉ። የወልዴ የቀን ሠራተኞች ድንበር ላይ ባለ የዋንዛ ዛፍ ሁለት ቀፎ ሰቀሉ፤ የምሕረት ወንድም ሙሉጌታ ዛፉ የእኛ ነው ብሎ አንዱን ቀፎ አወረደና አቃጠለው። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ቤት ልጆች ገጀራ ሳይዙ ከቤት አይወጡም። ሽማግሌዎች ቅዳሜ ይቀመጣሉ።

«ዕርቁ ከፈረሰ ሰው ይሞታል ቲቸር። ይምጡልኝ። እንግዳ ፊት አባቴም ጋሽ ወልዴም ድምፃቸውን አያነሱም» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ ሻይ ልጠጣ ብዬ የምወጣ ሰው፣ ገጀራ ወዳለበት ልሄድ እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ጠዋት፣ ወደ ዋጫ

ውሽውሽን ስናልፍ የሻይ ተክሉ ከጉሙ ስር ብቅ ይላል፤ አረንጓዴው ርጥብ ነው። ሬዲዮው ስለ ድንበር ያወራል፤ ስለ ወደብ፣ ስለ ጎረቤት አገር መግለጫ፣ ስለ እኛ ምላሽ። ተሳፋሪው ሁሉ ያዳምጣል። ሹፌሩ ጋሽ ታደሰ ምን እንደማስተምር ሲሰሙ ሬዲዮውን ቀነሱት።

«እንግዲያውስ ይንገሩኝ መምህርት። ጦርነት አለ ወይስ የለም?»

ክፍል ውስጥ የምለውን አልኩ። የሚገበያዩ አገሮች የሚያጡት ነገር ስላለ ቶሎ አይዋጉም። ጋሽ ታደሰ በመስታወቱ ከኋላችን የሚመጣውን ሌላ ሚኒባስ አዩ።

«እኔና ያ ሰውዬ ከአንድ ማደያ ነው የምንቀዳው። ጎማ ሲተነፍስበት ጎማዬን አውሰዋለሁ። ተሳስረናል። መንገድ ላይ ተሳፋሪ የቆመ እንደሆነ ግን...»

አልጨረሱትም። ፊት ለፊት አንዲት ሴት እጇን ዘርግታለች፤ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ኩርባው ላይ ሊቀድመን ወጣ፤ ጋሽ ታደሰም ነዳጁን ረገጡት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ሴትዮዋ ተሳፍራ ከጎኔ ተቀምጣለች፣ የጋሽ ታደሰም ፊት በርቷል።

ዓርብ፣ ረፋድ፣ ዋጫ

ዋጫ ላይ እንቁላል ፍርፍር አዝዤ መብላት አቃተኝ። ምግብ ቤቱ የእትዬ አበራሽ ነው። በረንዳቸው ላይ ሆኖ አዳዲሱን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሞተር ሳይክሉን ሰልፍና ማርና ቡና የሚጭነውን አይሱዙ ማየት ይቻላል። ከተማዋ ተለውጣለች አልኳቸው።

«ተለውጣለች። ሰው በልቶ ያድራል፣ ልጅም ይማራል። ነገሩ ግን በዛ።»

«የምን ነገር?»

«ክስ ነዋ። ድሮ ዳኛ ሩቅ ነው። እዚያ እስክትደርሺ እግርሽ ያልቃል፤ ስለዚህ ሳትወጂ ትታረቂያለሽ። አሁን በሞተር ሄደሽ ከሰሽ ለምሳ ትመለሻለሽ። ብር ያለው ጠበቃ ይይዛል። የቀበሌው ሊቀመንበርም ቢሆን ሞተር ያለውን ነው ቀድሞ የሚያናግረው።»

የኮርሴን ግማሽ፣ ሳህን እያነሱ፣ ተናገሩት። ልማት መንግሥትን ያቀርባል፤ የቀረበው መንግሥት ደግሞ ለሁሉም እኩል አይቀርብም። ለተማሪዎቼ ብነግራቸው ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው የነገው ሽምግልና ትዝ አለኝና ሂሳቤን ከፍዬ ተነሳሁ።

ዓርብ፣ ከሰዓት፣ ቢታ ገነት

ምሕረት ጃንጥላ ይዛ ጠበቀችኝ። ከከተማው ወጥተን ስንሄድ መንገዱ አንዴ ቡና፣ አንዴ እንሰት፣ አንዴ ጫካ ነው። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀረብኝ።

አቶ አስራት ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ብርዝ ቀዱልኝ፤ ከማር የተበጠበጠ፣ ገና ያልፈላ። ሙሉጌታ ደፍ ላይ ተቀምጦ ገጀራ ይስላል። ሲያየኝ ተነስቶ በአክብሮት ጨበጠኝ፣ ገጀራውን ከበሩ ጀርባ አስቀመጠ። ብርዙን እየጠጣሁ ዓይኔ ከዚያ በር አልተነሳም።

ከመተኛታችን በፊት አቶ አስራት የጫካውን ሥርዓት አስረዱኝ። አማርኛቸው ከአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከካፊኖኖ እየተሻገረ ስለሚመጣ ቀስ ይላል። የየቤተሰቡ የጫካ ድርሻ ኮቦ ይባላል። አጥር የለውም፤ ወሰኑ ወንዝና ዛፍ ነው። ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነውና አንድ ሰው ብቻውን አይሰቅልም።

«አንዱ ይወጣል። ገመድ ወገቡ ላይ ይታሰራል፣ ቅርንጫፍ ላይ ዞሮ ይወርዳል። ሌላው ከታች ይይዛል። እኔ ስወጣ ወልዴ ይይዛል። ወልዴ ሲወጣ እኔ እይዛለሁ። ልጆች ሳንሆን ጀምሮ... አይ፣ ልጆች ሆነን ጀምሮ።»

«ታዲያ መቼ ተዋችሁት?»

«ማሩ ብር ሲሆን። እሱ ሠራተኛ ቀጠረ። እኔም ቀጠርኩ። ምን ያደርግልኛል አልኩ። እሱም እንደዚያ አለ መሰለኝ።»

እኔ ያነበብኩት ሌላ ነው። ንግድ ሰውን ከሰው ያስተሳስራል ይላል። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያስተሳሰራቸው ግን ድህነት ነበር፤ ገንዘብ ሲመጣ ገመድ ያዥ መግዛት ቻሉና ተለያዩ። መንገዱን ልረግም ግን አልችልም። ምሕረትን ዩኒቨርሲቲ ያደረሳት እሱ ነው። እናቷም ታናሿን ሲወልዱ ደም ፈስሷቸው በመኪና ሐኪም ቤት ባይደርሱ ኖሮ፣ ዛሬ «ብርዙን የበጠበጠችው እናቴ ናት» ብላ የምትኮራባቸው እናት ባልኖሯት ነበር።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ጫካው አፋፍ

ሽማግሌዎቹ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። የወልዴ ልጆች በአንድ ወገን፣ ሙሉጌታና የአጎቶቹ ልጆች በሌላ ወገን ቆመዋል። ገጀራዎቹን አንድ ቦታ እንዲከምሩ ታዘዙ፤ ከመሩ፤ ነገር ግን ሁሉም ከክምሩ አጠገብ መቆም ፈለገ። አቶ ወልዴ አጭርና ደንዳና ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ አስራት አላዞሩም። ምሕረት እጄን ይዛለች። ጣቶቿ በረዶ ናቸው።

ክርክሩ ረዘመ፤ ምሕረት ካፊኖኖውን በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። ዛፉን የማን አባት ያውቀዋል፣ ወንዙ ድሮ የት ነበር የሚሄደው፣ መጀመሪያ ማን ማንን ሰደበ። አንዱ የወልዴ ልጅ «ፍርድ ቤት እንሂድ» አለ፣ ሙሉጌታ «ፍርድ ቤት ሳትደርስ...» ብሎ ጀመረና አባቱ ዓይናቸውን ሲያፈጡበት ዋጠው። እኔ እንግዳዋ እንደ ወፍ ማስፈራሪያ መሃል ተቀምጫለሁ። ለመሮጥ የትኛው መንገድ እንደሚሻል ማየቴንም አልደብቅም።

የሁሉም ታላቅ የሆኑት አቶ ገብሬ በመጨረሻ ተናገሩ። ይህንንም ምሕረት ተረጎመችልኝ።

«ዛፉ የማን እንደሆነ ዛሬ አንፈርድም። ያልተቃጠለው ቀፎ ባለበት ይቆይ፣ ማሩን እኩል ተካፈሉ። የተቃጠለው ይተካ። አዲሱን ቀፎ ግን የቀን ሠራተኛ አይሰቅለውም፣ ልጆቻችሁም አይነኩትም። እናንተ ትሰቅላላችሁ፣ ዛሬ። ያቃጠለው የአስራት ልጅ ነው፣ ስለዚህ አስራት ይወጣል። ገመዱን ወልዴ ይይዛል።»

ከዚያ ሙሉጌታ ብድግ አለ።

«አባቴን ለሱ አልሰጥም።»

«ተቀመጥ» አሉ አቶ አስራት። ጫማቸውን እያወለቁ ነበር።

አቶ ወልዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ስንት ዓመት ሆነኝ ከያዝኩ። እጄ ቢዝልስ?»

«እንዳይዝል አድርገህ ያዝ» አሉ አቶ ገብሬ።

እሁድ፣ አመሻሽ፣ ቦንጋ

ቤቴ ገብቻለሁ። ጭቃ የጠጣ ጫማዬ በረንዳ ላይ ነው። ነገ ያንኑ ምዕራፍ አስተምራለሁ፤ ምን እንደምል አላውቅም። አንድ አገር የራሱን ወደብ፣ የራሱን መሣሪያ፣ የራሱን ሁሉ ነገር አሟልቶ ጎረቤቴ ምን ያደርግልኛል ያለ ዕለት ምን እንደሚሆን ሳስብ እፈራለሁ። በአገሮች መካከል እንደ አቶ ገብሬ ተቀምጦ፣ አንተ ውጣ፣ አንተ ያዝ የሚል ሽማግሌ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይህን ትቼ የትናንቱን ልጨርስ።

አቶ አስራት ወጡ። ዋንዛው ረጅም ነው፣ ግንዱም በዝናብ ርሷል። አዲሱ ቀፎ በሌላ ገመድ ተከተላቸው። ከታች አቶ ወልዴ በእግራቸው የዛፉን ሥር ቆንጥጠው ገመዱን በትከሻቸው አዙረው ይለቃሉ፣ ይይዛሉ፣ ይለቃሉ። የሁለቱም ወገን ልጆች ቀና ብለው ያያሉ፤ በገጀራዎቹ ክምር አጠገብ የቀረ ሰው የለም። መሃል ላይ የአቶ አስራት እግር ሸተት አለ። ገመዱ በአንዴ ተወጠረ። ምሕረት ፊቷን ትከሻዬ ላይ ደፋች። አቶ ወልዴ በጉልበታቸው ተንበረከኩ እንጂ አልለቀቁም።

«ወልዴ» አለ ከላይ ድምፅ።

«ይዣለሁ» አሉ።

ቀፎው ታሰረ። አወራረዱ ከአወጣጡ ይበልጥ ረዘመብኝ። አቶ አስራት መሬት እንደረገጡ ገመዱን ከወገባቸው ፈቱ። አቶ ወልዴ ግን ገመዱን እንደጨበጡ እዚያው ተንበርክከው ቀሩ። መዳፋቸው ተልጦ ደም ይታያል።

«ልቀቀው እንጂ። ወርጃለሁ እኮ» አሉ አቶ አስራት።

«እጄ እምቢ አለኝ» አሉ አቶ ወልዴ።

አቶ አስራት አጠገባቸው ቁጢጥ አሉና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከገመዱ ያላቅቁላቸው ጀመር።