ስድስተኛዋ ኦሪንግ

ጋሽ ዕንባቆም ሰው መናቅ የጀመሩት ደብረ ዘይት፣ የአየር ኃይል መካኒክ ሳሉ ነው ይባላል። አልቢ በሚባል ሰፈር ቤት ይዘው ሠላሳ ዓመት ስቶክሆልም ቢኖሩም አመሉ አልለቀቃቸውም። ሥራቸው ባሕር ላይ አደጋ የደረሰበትን ሰው የሚያወጡ ሄሊኮፕተሮች መለዋወጫ መጠበቅ ነው። ፓይለቱን "ሹፌር" ይሉታል፤ መሐንዲሶቹን "ፊካ ጠጪዎች"፤ ፊካ የስዊድኖች የቡና ሰዓት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍቅረ ሥላሴ የሚባል የአውቶቡስ ነጂ "ጋሼ፣ ለመሆኑ አንድ ቀን እንኳ በረውበታል?" ቢላቸው፣ "አንተስ መሪህን ማን እንዳጠበቀልህ ታውቃለህ?" ብለው አፉን አስያዙት።

ሕጋቸው አንዲት ናት፦ ወረቀቱ የተሳሳተ ዕቃ፣ ዕቃ አይደለም። ማንም አንስቶ እንዳይገጥመው እዚያው በመቀስ ይቆረጣል። አምና መካኒኳ ናዝሬት አንድ ቁጥር ተሳስታ ጽፋ፣ "ላስተካክለው ጋሼ፣ አንድ ቁጥር እኮ ናት" ብትላቸው፣ "ባሕር ላይ ለተንጠለጠለው ሰው ሄደሽ ንገሪው!" ብለው ዕቃውን ፊቷ ቆረጡት። አልበቃ ብሏቸው ክሱን ጽፈው፣ በገዛ እጇ ለአለቃ እንድትወስድ አደረጉ። ስድስት ወር ሙሉ ብቻዋን እንዳትፈርም ታገደች።

ዘንድሮ የካቲት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ናዝሬት የመጋዘኑ መስኮት ጋ መጣች። የአንዱ ሄሊኮፕተር ሰው መጎተቻ ዊንች ዘይት ያፈሳል። አንዲት ኦሪንግ፣ ያቺ የጎማ ቀለበት፣ ካልተቀየረች አይነሣም። ጋሽ ዕንባቆም ስድስት አወረዱ፤ መጋዘኑ ያለው ይኸው ነው። በእጅ የተጻፈውን የርክክብ ቀን አዩና ከት ብለው ሳቁ።

"2017! ጎማ ስምንት ዓመት ካለፈው አበቃለት። ይህን ታቅፎ የኖረው የትኛው ደንቆሮ ነው?" መቀሱን አነሡና አንዷን ቀጯት። "ፊካቸውን ሲጠጡ!" ሁለተኛዋን። "ለእነዚህ ደመወዝ ይከፈላል እንግዲህ!" አምስት ቆረጡ።

"ኧረ ቆይ ጋሼ!" አለች ናዝሬት። እዚያው ስቶክሆልም፣ ፋርስታ ሰፈር ያደገች ልጅ ናት፤ ወትሮ በስዊድንኛ ነበር የምትመልስላቸው። "01-01 ነው እኮ የሚለው። በፈረንጅ አዲስ ዓመት ማን ዕቃ ይረከባል? ሁሉም ዝግ ነው። ይሄ የእኛ እንቁጣጣሽ ነው፤ 2017ቱም የእኛ ነው። ዕቃው ከገባ ሁለት ዓመትም አልሞላው።"

ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት። ከቀኑ በታች ማኅተም አለ፤ የራሳቸው ማኅተም። ያን ዕለት ከዘመድ አዝማድ ጋር በስልክ "እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ" ሲባባሉ ማርፈዳቸው ትዝ አላቸው። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፉት ራሳቸው ነበሩ። አምስት ደህና ጎማ ተቆራርጦ ቅርጫት ውስጥ ተኝቷል።

"በይ... ይቺን የቀረችውን እንኳ ላስተካክላት" አሉ። "አንድ ቁጥር እኮ ናት።"

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ራሳቸው ሰሙት። ናዝሬት አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻላቸው ነበር።

"ከፈለጉ አላየሁም" አለች።

ይህንስ አልቻሉትም። ስድስተኛዋን አንስተው ቆረጡ። የክስ ቅጹን ስበው አጥፊ በሚለው ቦታ የገዛ ስማቸውን ጻፉ። ሄሊኮፕተሩ ሌላ ኦሪንግ ነገ እስኪመጣ መሬት ላይ ይውላል፤ እስከዚያ ባሕሩን ሌላ ጣቢያ ይጠብቅ።

"እባክሽ ለአለቃ አንቺ ስጪልኝ" አሏት፣ ቅጹን እየገፉ። "አፍሬያለሁ።"

ናዝሬት በጣቷ መልሳ ገፋችላቸው።

"እኔም አፍሬ ነበር ጋሼ። ግን ራሴ ነኝ የወሰድኩት።"