ከመጨረሻው ፊደል ወዲያ

አባቴ ጊኒር ገበያ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በወሬ የሚረታው አልነበረም። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታውና ድምፁ ጠፋ፤ ቀኝ እጁም ሰነፈ። አእምሮው ግን እንዳለ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሮቤ ባለው ቤታችን ከጓዳ ሳሎን ስትሮጥ ነው የምትውለው። "ውሃ ነው? በረደህ? ጋቢ ልደርብልህ?" እሱ አይደለም በሚል ራሱን ይነቀንቃል፤ እሷ ሌላ ነገር ይዛ ትመጣለች።

የስልክ ፊደል ለጣቱ ስላነሰበት ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም ጻፍኩለት። ፊደሎች በስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ያልፋሉ፤ የፈለገው ሲደርስ በግራ እጁ ትልቁን ቁልፍ ይጫናል። ሌላኛው ቁልፍ መሰረዣ ነው። እኔ ጉረኛዋ ጉድ ሠርቻለሁ ብዬ ነበር። አባቴ እናቴን እያየ "ተቀ" ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ ያልፈለገው ፊደል ገባበት። ሲሰርዘው ፊደሉ በመጥፋት ፈንታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ነገር ሆኖ ተገተረ። ቢደግመውም ያው ነው። እጁን ሰብስቦ ወደ ግድግዳው ዞረ።

"ተቀየምኩሽ ሊለኝ ነው" አለች እናቴ። "ምን በድዬው ይሆን?" ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ስህተቱን ስፈልግ ዋልኩ። ኮምፒውተር ጽሑፍን በተደረደሩ ሳጥኖች ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ኢንድ የሚባለው ጠቋሚ የሚቆመው በመጨረሻው ፊደል ላይ ሳይሆን ከእሱ ወዲያ፣ ምንም ባልተጻፈበት ቦታ ነው። እኔ ከዚያ አንድ ሳጥን ወደ ኋላ ተመልሼ ያገኘሁትን እሰርዝ ነበር። ፕሮግራሙን የሞከርኩት በኦሮምኛ ነበር፤ በላቲኑ ፊደል አንዱ ፊደል አንድ ሳጥን ይበቃዋል። የአማርኛው ግን ሦስት ይይዛል። ሱብሃነላህ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጽፋት የኖርኩት "ቀ" ለካ በውስጧ ሦስት ሆና ኖሯል! ያን ያልፈለገውን ፊደል ሲሶውን ቆርጬ የቀረውን ነበር ለአባቴ ያሳየሁት። እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ ያቺን "ቀ" አየኋት። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ በእጄ ሲያልፍ አለማወቄ ገረመኝ።

በማግስቱ አስተካክዬ ገባሁ። አባቴ እምቢ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንደገና እንዲሞክር ለመንኩት። እናቴ የሻይ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቀረች፣ መግባት ፈርታ። "ተቀ" ብሎ ጻፈ። ደግሞ ሳተ። መሰረዣውን ተጫነ፤ ፊደሉ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ቀጠለ። የሚፈልገው ፊደል እስኪደርስ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ጠበቅኩ። ሲጨርስ፣ ከበሩ አይታያትምና ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

"ተቀመጪ።"

እናቴ ብርጭቆውን እንደያዘች መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።